የኋላ ነጂ ወይስ ባለ አራት ጎማ ነጂ? ለሐዋሳ አስመጪ የሚበጀው የኤሌክትሪክ መኪና

በሐዋሳ ከተማ የመኪና ንግድ ጠባይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ተለውጧል። ቀድሞ ገዢ ወደ ሻጭ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው መኪናው ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚበላና መለዋወጫው በገበያ እንደሚገኝ ነበር። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ግን፣ የገዢው ጥያቄ «አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ወደሚለው ዞሯል።

አስመጪው ደግሞ ከዚህ ቀደም ብዙ ያላሳሰበው ሌላ ጥያቄ ገጥሞታል። የቻይናና የአውሮፓ ፋብሪካዎች አንዱን ሞዴል በሁለት ዓይነት ይሠሩታል። አንደኛው አንድ ሞተር ብቻ ኖሮት በኋላ ጎማዎቹ የሚነዳ ነው፤ ሁለተኛው በፊት በኩል ሌላ ሞተር ተጨምሮለት በአራቱም ጎማዎች የሚነዳ፣ ኃይሉም የላቀ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ እንደ መንትዮች ናቸው። የዋጋ ማቅረቢያው ደብዳቤ ከላኪው ዘንድ በደረሰ ጊዜ አስመጪው የትኛውን ሊያዝዝ ይገባል? «ያልተገላበጠ ያርራል» እንደሚባለው፣ ጉዳዩን በሁለቱም ወገን ማገላበጥ ይበጃል።

ለምሳሌ የተመረጠው መኪና

ይህን ልዩነት አጉልቶ ለማሳየት ቢ ዋይ ዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያወጣው «ሲል» የተሰኘው የስፖርት ጠባይ ያለው የቤት አውቶሞቢል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በአውሮፓ በተሸጠበት ጊዜ ሁለቱም ዓይነቶች አንድ ዓይነት አካልና 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ አንድ ዓይነት ባትሪ ነበራቸው። ስለዚህ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከተጨመረው የፊት ሞተር የመጣ ነው።

የኋላ ነጂው ሞተር 230 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 313 የፈረስ ጉልበት አለው። ባለ አራት ጎማ ነጂው ይህንኑ ሞተር ከኋላ ይዞ፣ ከፊት 160 ኪሎ ዋት ያለው ሌላ ሞተር ስለሚጨምር ድምሩ 390 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 530 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ የመጀመሪያው 5.9 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው 3.8 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። የሁለቱም የመጨረሻ ፍጥነት ግን እኩል ሲሆን፣ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተወሰነ ነው።

ክብደታቸው ሲመዘን የኋላ ነጂው 2,055 ኪሎ ግራም፣ ባለ አራት ጎማ ነጂው 2,185 ኪሎ ግራም ነው። የ130 ኪሎ ግራሙ ልዩነት ለቡና ነጋዴ ቀላል ምሳሌ አለው፤ አንድ ኩንታል ከሠላሳ ኪሎ ቡና ጭኖ፣ ሳያወርድ ዓመት ሙሉ እንደ መዞር ያለ ነው። በአውሮፓ የመለኪያ ሥርዓት አንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪ የኋላ ነጂው 570 ኪሎ ሜትር፣ ባለ አራት ጎማ ነጂው 520 ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ ተመዝግቧል።

ዋጋውን ስንመለከት፣ መኪናው በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ የኋላ ነጂው 45,695 ፓውንድ፣ ባለ አራት ጎማ ነጂው 48,695 ፓውንድ ነበር። ልዩነቱ 3,000 ፓውንድ፣ ከመቶ 7 የማይሞላ ነው። የኃይሉ ብልጫ ግን ከመቶ 70 ያህል ይደርሳል። ኃይለኛውን የሚሸጥ ሰው የሚያቀርበው ዋነኛ ክርክር ይህ ነው፤ «ለትንሽ ገንዘብ ብዙ ጉልበት» ይላል። በሒሳብ ረገድ ክርክሩ እውነት ነው። የሚቀረው ጥያቄ ይህ ጉልበት በሐዋሳ ገዢ እጅ ምን ሥራ ይሠራል የሚለው ነው።

«ፎር ዊል» ማለት ሁለት ነገር ነው

በአገራችን «ፎር ዊል» ሲባል የገዢው አሳብ ወዲያውኑ ወደ ላንድ ሮቨርና ወደ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ይሄዳል። እነዚህ መኪናዎች ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩ፣ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ያላቸው፣ ድንጋይና ቦይ የማይበግራቸው ናቸው። ለእነርሱ የአራቱ ጎማ መሽከርከር ዓላማው መንገድ በሌለበት ማለፍ ነው።

የስፖርት መኪና አራት ጎማ ነጂነት ግን የተወለደው ከሌላ ችግር ነው። አንድ ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ ሊይዝ የሚችለው እስከ ተወሰነ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት ቢሰጠው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ መኪናውን አይገፋም። ስለዚህ የሞተሩ ጉልበት እየበዛ በሄደ ቁጥር መሐንዲሶች ጭነቱን ለሁለት ጎማዎች መተው ትተው ለአራት ማከፋፈልን መረጡ። በእንግሊዝ አገር የተሠራው ጄንሰን ኤፍ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን ዘዴ በፈጣን የቤት መኪና ላይ አዋለ። እ.ኤ.አ. በ1980 በጄኔቭ የመኪና ትርዒት የቀረበው አውዲ ኳትሮ ደግሞ በራሊ ውድድር ድል ስላደረገበት ዘዴውን ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው አደረገ። ፖርሽ 911 የተባለው የታወቀ የስፖርት መኪናም እ.ኤ.አ. በ1989 «ካሬራ 4» በሚል ስም በአራቱም ጎማ ሲነዳ፣ በቀጣዩ ዓመት ከወጣው ባለ ሁለት ጎማ ነጂ ወንድሙ ይልቅ 100 ኪሎ ግራም ያህል ይከብድ ነበር። የዛሬዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚሁ ሕግ አላመለጡም፤ የተሻለ ቁንጠጣ የሚገኘው በክብደት ተከፍሎበት ነው።

ስለዚህ «ሲል»ን የመሰለው ባለ አራት ጎማ ነጂ የኤሌክትሪክ መኪና የላንድ ክሩዘር ዘመድ አይደለም። ከመሬት ያለው ከፍታ እንደ ኋላ ነጂው ሁሉ ዝቅተኛ ነው፤ ዝቅተኛ ማርሽም የለውም። ባትሪውም የተዘረጋው ከወለሉ በታች ስለ ሆነ በድንጋያማ መንገድ የሚደርስበት ጉዳት ለባለቤቱ ቀላል ወጪ አይሆንም። ቡና ማጠቢያ ጣቢያውን ለመጎብኘት ከአስፋልት ወጥቶ በኮረኮንች መንገድ የሚጓዝ የሲዳማ ነጋዴ «ፎር ዊል ነው» ተብሎ ይህን መኪና ቢገዛ በመጀመሪያው ክረምት ይጸጸታል። ለእርሱ የሚስማማው ከመሬት ከፍ ያለ ሌላ ዓይነት መኪና ነው። ይህንን አስቀድሞ ያልነገረ ሻጭ አንድ መኪና ይሸጥ ይሆናል፤ ደንበኛውን ግን ያጣል።

የሐዋሳና የአዲስ አበባ መንገድ እንደ ሚዛን

የሐዋሳ ነጋዴ መኪናውን በእውነት የሚፈትነው በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የሁለቱ መኪናዎች የወረቀት ቁጥር ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ የሚያስገርም ነገር ይታያል። 550 የሚገኘው በ520ና በ570 መካከል ነው። በወረቀት ላይ የኋላ ነጂው አዲስ አበባ ደርሶ ሳይሞላ ሐዋሳ ይገባል፤ ባለ አራት ጎማ ነጂው ግን ሐዋሳ ሊደርስ 30 ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ ከሻሸመኔ አካባቢ ይቆማል።

ይሁን እንጂ በወረቀት ቁጥር ተማምኖ መንገድ መጀመር አይገባም። የመለኪያው ጉዞ ከከተማ ፍጥነት ጋር የተቀላቀለ ሲሆን፣ በፈጣን መንገድ ላይ የአየር ግፊት ባትሪውን ቶሎ ያደክመዋል። ጠንቃቃ ሰው ከተጻፈው ቁጥር አንድ አምስተኛውን ቀንሶ ቢያስብ፣ ለኋላ ነጂው 456፣ ለባለ አራት ጎማ ነጂው 416 ኪሎ ሜትር ይቀሩለታል። በዚህ ሒሳብ አዲስ አበባ ሲደርሱ የመጀመሪያው የ181፣ ሁለተኛው የ141 ኪሎ ሜትር ኃይል ተርፏቸው ይገኛሉ። ሁለቱም ለመመለሻ መሞላት ይኖርባቸዋል ማለት ነው። በተግባር የሚቀረው ልዩነት 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይኸውም መንገደኛውን ከጭንቀት የሚያድን መጠባበቂያ ይሆናል።

ስለ ዳገቱም ብዙዎች ይጠይቃሉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መንገደኞችንና ጓዝን ጨምሮ 2,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን የ700 ሜትር ልዩነት ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከባትሪው ከመቶ 6 አይሞላም። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የ130 ኪሎ ግራሙ ብልጫም በዚህ ዳገት ላይ የሚያመጣው ተጨማሪ ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ «ዳገት ስላለ ባለ አራት ጎማ ያስፈልጋል» የሚለው ምክንያት በአስፋልት ላይ ውሃ አያነሣም።

በደጋው አገር ለኤሌክትሪክ መኪና የሚነገርለት ሌላ በጎ ነገር አለ። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አንድ አምስተኛ የሚበልጥ ጉልበቱ ቀርቶበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ በሐዋሳም ሆነ በእንጦጦ ጉልበቱ ያው ነው። ስለዚህ የኋላ ነጂው 313 የፈረስ ጉልበት በወረቀት እንደ ተጻፈ በመንገድ ላይ ይገኛል። በከተሞቻችን የታወቀችው ባለ አንድ ሊትር ሞተሯ ቶዮታ ቪትዝ 70 የፈረስ ጉልበት ያህል እንዳላት ሲታሰብ፣ «ደካማው» የተባለው ከእርሷ ከአራት እጥፍ በላይ ኃይል አለው።

ለኃይለኛው የሚነገረው በጎ ነገር

ፍርዱ ትክክለኛ እንዲሆን የሌላውንም ወገን ማስረጃ መስማት ይገባል። በክረምት ዝናብ አስፋልቱ ሲርስ፣ በተለይም ከመታጠፊያ ሲወጡ ወይም ከቆሙበት በፍጥነት ሲነሡ፣ ጉልበቱ በአራት ጎማ የተከፋፈለ መኪና ይበልጥ ይረጋጋል። በቀድሞው መንገድ ላይ፣ መኪና በሁለት አቅጣጫ በሚተላለፍበት ሥፍራ፣ ረጅም የጭነት መኪና ቀድሞ ለማለፍ የሚወስደው ጊዜ ማጠሩም ጥቅም ነው። የመኪና ፍቅር ያለውና ገንዘቡ የሚፈቅድለት ሰውም ደስታውን በገዛ ገንዘቡ የመግዛት መብት አለው።

ነገር ግን አንድ ነገር ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም። ተጨማሪው ሞተር መኪናውን ለማስነሣት ይረዳል እንጂ ለማቆም አይረዳም። ፍሬን በሁለቱም ዓይነት መኪና በአራቱም ጎማ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከባዱ መኪናም በረጠበ መንገድ ከቀላሉ ቀድሞ አይቆምም። አራት ጎማ ነጂ ስለ ያዘ ብቻ በዝናብ ፍጥነት የሚጨምር ሹፌር ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ሻጩ ይህን ለገዢው መንገር ግዴታው ነው።

የአስመጪው ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ካፒታሉ እንመለስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ለአንድ መኪና የሚጨመር ጥቂት ሺህ የውጭ ገንዘብ በብር ሲቆጠር ብዙ ነው። ቀረጥም የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ስለ ሆነ ልዩነቱ ወደብ ሲደርስ አብሮ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውሳኔ ተገጣጥመው ለሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከመቶ 15፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡ ከመቶ 5 የጉምሩክ ቀረጥ ተወስኖ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈትተው የሚገቡት ነጻ ሆነው ነበር። የቀረጥና የታክስ ደንብ የሚሻሻል በመሆኑ፣ ባንክ ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን ልክ ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ያሻል።

የኤሌክትሪኩ ፍጆታ ልዩነት በአንጻሩ የሚያስፈራ አይደለም። ባትሪውን ለኪሎ ሜትሩ ብናካፍል የኋላ ነጂው በ100 ኪሎ ሜትር 14.5፣ ባለ አራት ጎማ ነጂው 15.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ልዩነቱ 280 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚገኝ በመሆኑ፣ ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ፣ ገዢውን የሚያሳስበው የመብራት ሒሳቡ ሳይሆን የመግዣው ዋጋ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጥ ሱቅ ስለ መለዋወጫ ማሰብም አለበት። ባለ አራት ጎማ ነጂው ሁለት ሞተር፣ ሁለት የኃይል መለወጫ፣ ከፊትም ከኋላም የጎማ መንጃ ዘንጎች አሉት። የሚበላሽ ነገር ሲበዛ በመጋዘን የሚቀመጥ ዕቃና የሚሠለጥን መካኒክም ይበዛል። ጉልበቱና ክብደቱ ሲጨምር ጎማም ቶሎ ያልቃል፤ አራቱም ጎማዎች አንድ ልክና ተቀራራቢ ዕድሜ እንዲኖራቸው ማድረግ ስለሚገባ፣ ባለቤቱ አንድ ጎማ ብቻ ለውጦ ለመሄድ አይመቸውም።

ከላኪው ጋር ሲጻጻፉ

ማንኛውም አስመጪ ከትዕዛዙ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል።

አንደኛ፤ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር በየትኛው መለኪያ እንደ ተገኘ ይጠይቅ። «ሲል» በቻይናው ሲ ኤል ቲ ሲ መለኪያ 700 እና 650 ኪሎ ሜትር ተብሎ ሲጻፍ፣ በአውሮፓው ደብልዩ ኤል ቲ ፒ 570 እና 520 ነው። የአንዱን መኪና የቻይና ቁጥር ከሌላው የአውሮፓ ቁጥር ጋር አስተያይቶ የገዛ ሰው በገዛ እጁ ተታሏል። በሱቅ ግድግዳ ላይ 700 ብሎ ለጥፎ የሸጠ ነጋዴም፣ መኪናው ከመንገድ ሲቀር የደንበኛውን ቁጣ የሚቀበለው እርሱ ነው።

ሁለተኛ፤ የቻርጅ መሰኪያው ዓይነት ይታወቅ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት የቻይናን መሰኪያ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት የአውሮፓን መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ። ደንበኛው በሚጠቀምበት የመሙያ ጣቢያ የማይገባ መሰኪያ ያለው መኪና፣ የፈረስ ጉልበቱ ቢበዛም ቆሞ ይውላል። ቤት ውስጥ በ7 ኪሎ ዋት መሙያ ይህ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ 12 ሰዓት ያህል፣ ማለትም አንድ ሌሊት ይወስዳል። እስከ 150 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ፈጣን መሙያ ግን ከመቶ 30 እስከ 80 ለመድረስ 26 ደቂቃ እንደሚበቃው ፋብሪካው ገልጿል።

ሦስተኛ፤ የዋስትናው ቃል ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሆኑና የፊት ሞተሩንም የሚያካትት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት፣ ለሐዋሳ ሱቅ በክምችት ሊቀመጥ የሚገባው የኋላ ነጂው ነው። ሩቅ ይሄዳል፤ ዋጋው ይቀንሳል፤ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው፤ ጉልበቱም ለአዲስ አበባ መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ባለ አራት ጎማ ነጂው ደግሞ ጠያቂ ሲመጣ፣ ቀብድ ተቀብሎና የሚገባበትን ቀን ወስኖ በትዕዛዝ የሚመጣ ዕቃ ቢሆን ይሻላል። በዚህ ዓይነት አሠራር ፈጣን መኪና የወደደው ደንበኛ አይከፋም፤ የነጋዴውም ካፒታል በሱቅ በር ላይ አቧራ እየጠጣ አይቆምም።

ገዢው «ፎር ዊል አላችሁ?» ብሎ በገባ ጊዜ የሐዋሳ ባለሱቅ መልሱን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ቢመልስለት መልካም ነው፤ «ጌታው፣ መኪናውን የሚነዱት በየትኛው መንገድ ነው?» ይበለው። መልሱ አዲስ አበባ ከሆነ የኋላ ነጂውን ያሳየው፤ መልሱ የገጠር ኮረኮንች ከሆነ ከሁለቱ አንዱንም ሳይሸጥለት ወደሚስማማው ይምራው። እንዲህ ያለ ነጋዴ ዛሬ ያጣው ሽያጭ ነገ ከነወንድሙ ተመልሶ ይመጣለታል።